ገንቦውና ጄሪካኑ፦ ስለ ሙከራ ለድሬ ልጆች የተነገረ

(ይህ ድሬዳዋ ውስጥ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። መምህራንና ወላጆችም ነበሩ። በጽሑፍ ሳሰፍረው አነጋገሩን ብዙም አልነካሁትም።)

ልጆች፣ እንዴት ዋላችሁ? በዚህ ሙቀት ተሰብስባችሁ ስለጠበቃችሁኝ አመሰግናለሁ። ቀጥታ ወደ ጥያቄ ልግባ። የገንቦ ውሃና የጄሪካን ውሃ፣ የትኛው ይቀዘቅዛል?

«የገንቦ!» አላችሁ። አንድም ልጅ ጄሪካን አላለም። እሺ፣ እንዴት አወቃችሁ?

ከፊት የተቀመጠው ልጅ «አያቴ ነግራኛለች» አለ። ከኋላ አንዷ «ስጠጣው አውቀዋለሁ» አለች። ሁለቱንም አልንቅም። አያት የምትናገረው ስንት ዓመት ያየችውን ነው። ምላስም ደህና አድርጎ ይለያል። ችግሩ የሚመጣው የማያምን ሰው ሲመጣ ነው። የአጎታችሁ ልጅ ከደጋ አገር ለእረፍት መጣ እንበል። «ውሃ ውሃ ነው፣ ዕቃው ምን ያደርጋል?» ይላችኋል። እናንተም ተናዳችሁ ከገንቦው አንድ ኩባያ፣ ከጄሪካኑ አንድ ኩባያ ቀድታችሁ ታስቀምሱታላችሁ። «አየህ?» ትሉታላችሁ።

ይህ ልጅ ጎበዝ ከሆነ ዝም አይልም። «ገንቦው የት ነበር የተቀመጠው?» ይላችኋል። ጓዳ ውስጥ፣ ጥላ ላይ። «ጄሪካኑስ?» ግቢ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ። «ገንቦው መቼ ተሞላ?» ትናንት ማታ። «ጄሪካኑስ?» አሁን ከቧንቧ። የድሬን ቧንቧ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ እኩለ ቀን ላይ ሲከፈት ሻይ የሚያፈላ ውሃ ነው የሚመጣው። «ታዲያ» ይላል የአጎታችሁ ልጅ፣ «ውሃውን ያቀዘቀዘው ሸክላው ነው፣ ጥላው ነው ወይስ ሌሊቱ?»

አሁን ምን ትመልሱለታላችሁ?

አቦ፣ ጸጥ አላችሁ! ጸጥ ማለታችሁ ልክ ነው። ምክንያቱም በዚያ አቀማመጥ ማንም ሰው መመለስ አይችልም፣ ፕሮፌሰርም ቢመጣ። ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ ስለተለያየ የትኛው ሥራውን እንደሠራ የሚለይበት መንገድ የለም። ገንቦው በእርግጥ ያቀዘቅዝ ይሆናል። እናንተ ግን አላሳያችሁም።

የዛሬው ነገሬ በሙሉ እዚህ ላይ ነው። ሙከራ ስናደርግ አንድ ነገር ብቻ ነው የምንለውጠው። ሌላውን ሁሉ አንድ ዓይነት እናደርጋለን። ለምን? እኛ ሰዎች የምንወደው መልስ አለን። ሳናስበው፣ ክፋት ሳይኖረን፣ የምንወደውን መልስ እናግዛለን። ገንቦውን ጥላ ላይ ያስቀመጠው እጅ እኮ ለማታለል ብሎ አይደለም። ገንቦ ቦታው ጓዳ ስለሆነ ነው። ትክክለኛ ሙከራ ማለት ምኞታችን እጁን እንዳያስገባ አድርጎ መጠየቅ ነው።

እንግዲህ እንደገና እንሥራው። ምን እናድርግ?

«ሁለቱንም ጥላ ላይ!» ጥሩ። «ባንድ ጊዜ እንሙላቸው!» በጣም ጥሩ፣ ከአንድ ባልዲም ይቀዳ። ሌላስ? ይህች ልጅ «እኩል ውሃ» አለች። አዎ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ትንሽ ውሃ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሊትር እንለካለን። አፋቸውም ሁለቱም ይከደን ወይም ሁለቱም ክፍት ይሁን፤ አንዱ ተከድኖ አንዱ ክፍት ከሆነ የአጎታችሁ ልጅ ይነሳባችኋል። ነፋስ እኩል ያግኛቸው። መስኮት አጠገብ የተቀመጠና ግድግዳ ሥር የተደበቀ እኩል አይደሉም። የዕቃዎቹ ትልቅነትም የተቀራረበ ቢሆን ይሻላል፤ የ20 ሊትር ጄሪካን ከትንሽ ገንቦ ጋር አይወዳደርም።

በምን እንለካለን? ምላስ ጥሩ ነው ብያለሁ፣ ግን ምላስ ቁጥር አይናገርም። ሞቅ ያለ ሻይ የጠጣ ልጅና በረዶ የበላ ልጅ አንድን ውሃ ቢቀምሱ አይስማሙም። ቴርሞሜትር እንጠቀማለን። ለሁለቱም አንድ ቴርሞሜትር ነው፣ ሁለት ከሆነ እርስ በርሳቸው ላይስማሙ ይችላሉ። ስታነቡ ዓይናችሁ ከመስመሩ ጋር ትክክል ይሁን። ከላይ ሆነን ስናይ ሌላ ቁጥር፣ ከታች ሆነን ስናይ ሌላ ቁጥር ይታየናል። እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ነገር ልበል። ለትኩሳት የሚለካበትን ቴርሞሜትር ለዚህ ሥራ አትስጧቸው። እሱ የሚለካው ከ35 እስከ 42 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ቢገባ ይሰበራል፣ የድሮዎቹ ደግሞ ውስጣቸው ሜርኩሪ ያለባቸው ናቸው፣ እሱ መርዝ ነው። ለትምህርት ቤት የሚሆነውን፣ ቀይ አልኮል ያለበትን ዓይነት ፈልጉ።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ለኩ፣ በየሦስት ሰዓቱ ድገሙ፣ ማታ እስኪሆን። ነገም እንደገና። አንድ ቀን ብቻ የተለካ ነገር ላይ እኔ ብዙ እምነት የለኝም፤ ያን ቀን ደመና ይሆናል፣ ዝናብ ይሆናል፣ አንዱ ልጅ ገንቦውን ነክቶት ይሆናል። ሦስት አራት ቀን ተለክቶ ተመሳሳይ ነገር ሲመጣ ነው የአጎታችሁን ልጅ መጥራት።

ይህን ከሠራችሁ ገንቦው እንደሚያሸንፍ እኔም እገምታለሁ፣ በተለይ ነፋስ ባለበት ደረቅ ቀን። ግን አሁን ደግሞ የሚበልጠው ጥያቄ ይመጣል። ለምን?

አንዱ «ሸክላ ራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ» አለ። ሌላው «ገንቦ ያልበዋል» አለ። ሁለት ሐሳብ አገኘን። መምህራችሁ እንዲህ ያለውን ሐሳብ መላምት ይሉታል፦ ገና ያልተፈተነ፣ ሊፈተን ግን የሚችል ግምት ማለት ነው። አሁን እነዚህን ሁለት ግምቶች እንዴት ነው የምንዳኘው? ተከራክረን? ድምፅ ሰጥተን? ጮክ ብሎ የተናገረው ያሸንፍ?

ሦስተኛ ዕቃ እናመጣለን። ልክ እንደ መጀመሪያው ያለ ገንቦ፣ ግን ከውጭ በፌስታል ጥብቅ አድርገን የጠቀለልነው። አስቡት። ያቀዘቀዘው ሸክላነቱ ከሆነ ፌስታል ቢጠቀለልበትም ሸክላ ሸክላ ነው፣ ውሃው ይቀዘቅዛል። ያቀዘቀዘው ላቡ ከሆነ ግን ፌስታሉ ላቡን ስለሚያፍነው ያ ገንቦ እንደ ጄሪካኑ ይሞቃል። ሁለቱ ግምቶች የተለያየ ነገር ይተነብያሉ፣ ስለዚህ ውሃው ራሱ ይፈርድልናል። እኔ ከሳይንስ ሁሉ ይህን ነው በጣም የምወደው። ክርክሩን ከሰው አፍ አውጥቶ ዕቃው ላይ ያስቀምጠዋል።

የሚሆነውንም ልንገራችሁ፣ እናንተ ግን እኔን አትመኑኝ፣ ሥሩት። ሸክላ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉት። ውሃው በእነሱ በኩል ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ገንቦው ከውጭ እርጥብ የሚለው ለዚህ ነው። የወጣው ውሃ ወደ አየር ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፣ የቀረው ውሃ ይቀዘቅዛል። ገላችሁን ታጥባችሁ ስትወጡ ነፋስ ሲመታችሁ የሚበርዳችሁ በዚሁ ምክንያት ነው። ሹፌሮች ኮዳቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው የሚያንጠለጥሉትም ይህንኑ አውቀው ነው። ድሬ ሰኔ ላይ 35 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይደርሳል፣ አየሩም ደረቅ ነው፣ ስለዚህ ገንቦ እዚህ ደህና አድርጎ ይሠራል። አየሩ እርጥብ የሆነ ቀን ትነቱ ይቀንሳል፣ ገንቦውም ይሰንፋል። ይህንንም በዝናብ ቀን ለክታችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ይህን የሦስተኛ ዕቃ ብልሃት አንድ ጣሊያናዊ ሐኪም ከ350 ዓመት በፊት ሠርቶበታል። ፍራንቼስኮ ሬዲ ይባላል። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1668 ነው። ያኔ ሰዎች የበሰበሰ ሥጋ ውስጥ ያለው ትል ከሥጋው ራሱ ይፈጠራል ብለው ያምኑ ነበር። ሞኞች አልነበሩም፤ ሥጋ አስቀምጠው ሲመለሱ ትል ያዩ ነበር፣ ማንም ትል አምጥቶ ሲጨምርበት አላዩም። ሬዲ ግን ዝንቦች ቀድመው ሥጋው ላይ ሲያርፉ አየ። ስለዚህ ሥጋ በማሰሮ አደረገ። አንዳንዱን ክፍት ተወው፣ አንዳንዱን ድፍን አድርጎ ዘጋው። ክፍቱ ላይ ትል ወጣ፣ የተዘጋው ላይ አልወጣም።

አለቀ? አላለቀም። አሁን እናንተ የአጎቱ ልጅ ሁኑበትና ጠይቁት። ማሰሮውን ሲዘጋው የከለከለው ዝንብን ብቻ ነው?

ጎበዝ! «አየርም ከለከለ።» ሁለት ነገር ተለወጠ። አንድ ሰው ተነስቶ «ትል የጠፋው አየር ስለሌለ ነው» ቢለው ሬዲ መልስ አይኖረውም። ስለዚህ ሦስተኛ ማሰሮ አመጣ፣ አፉን በስስ ጨርቅ ሸፈነው፣ አየር የሚያስገባ ዝንብ ግን የማያስገባ። ሥጋው ላይ ትል አልወጣም። ዝንቦቹ ግን ሽታውን ተከትለው ጨርቁ ላይ ሰፈሩ፣ እንቁላላቸውንም እዚያው ጨርቁ ላይ ጣሉ። ምግብ ክደኑ ስትባሉ ይህን ሰውዬ አስታውሱት።

አሁን ስለ ደብተር ላውራ፣ ይህን ክፍል ልጆች ሁልጊዜ ይዘሉታል።

ሙከራ ሳትጀምሩ ግምታችሁን ጻፉ፣ ቀኑንም ጻፉ። ለምን ቀድሞ? ውጤቱን ካየን በኋላ ሁላችንም «እኔ መጀመሪያም አውቄ ነበር» እንላለን፣ እያወቅን አንዋሽም፣ ትዝታችን ራሱ ይለወጣል። ወረቀቱ ግን አይለወጥም። ቁጥር ስትጽፉ ደግሞ ያያችሁትን ነው የምትጽፉት። አንድ ቀን የገንቦው ውሃ ከጄሪካኑ በልጦ ሞቆ ተገኘ እንበል። ደነገጣችሁ። ላጲስ አነሳችሁ። ተው! አይጠፋም። ከጎኑ ጻፉበት፦ «ዛሬ ታናሽ ወንድሜ ገንቦውን ወደ ፀሐይ አውጥቶት ነበር።» ወይም ምክንያቱን ካላወቃችሁ «ለምን እንደሆነ አላወቅንም» ብላችሁ ጻፉ። መምህራን፣ እባካችሁ የተሳሳተ ግምት የጻፈውን ልጅ ነጥብ አትቀንሱበት። ግምቱ ሲሳሳት ውጤቱን በሐቅ ከጻፈ እሱ ነው ሙሉ ነጥብ የሚገባው። በግምት መሳሳት የሚያስቀጣ ከሆነ ልጁ ቁጥሩን ማስተካከል ይማራል፣ ከዚያ በኋላ ሳይንስ ልናስተምረው አንችልም። ይህን የምለው ከልቤ ነው።

ምኞት በቁጥር ብቻ አይገባም፣ በመምረጥም ይገባል። ለምሳሌ የማሽላ ዘር ውሃ ውስጥ ካደረ ቶሎ ይበቅላል የሚል ገበሬ አለ፣ አያስፈልግም የሚልም አለ። እንሞክረው። 40 ዘር እንወስዳለን፣ 20ው ውሃ ውስጥ ያድራል፣ 20ው ደረቅ ሆኖ ያድራል። ጠዋት ሁለቱንም ባንድ ዓይነት አፈር፣ ባንድ ጥልቀት እንዘራለን፣ እኩል እናጠጣለን፣ በየቀኑ ስንት እንደበቀለ እንቆጥራለን። ቀላል ነው አይደል? ግን ዘሩን ማን ነው የሚከፋፍለው? ማሳደሩን የሚወደው ልጅ ከሆነ እጁ ሳያውቀው ደህና ደህናውን፣ ወፈር ወፈር ያለውን ይመርጣል። ስለዚህ 40ውን ዘር ከረጢት ውስጥ ከታችሁ በደንብ አደባልቁና ሳታዩ አውጡ፣ አንድ ለዚህ፣ አንድ ለዚያ። የእርሻ ተመራማሪዎችም ማሳቸውን ከፋፍለው የትኛው ቁራሽ መሬት ላይ የትኛው ዘር እንደሚዘራ በዕጣ ያወጣሉ።

20 ዘር የምንለውም ለምን መሰላችሁ? አንድ አንድ ዘር ብቻ ብትዘሩና አንዱ ቢቀር፣ ምናልባት ያ ዘር ነቀዝ የበላው ነበር። አንድ ዘር ስለ ራሱ ብቻ ነው የሚናገረው። ውጤቱን አልነግራችሁም፣ ሥሩትና እናንተ ንገሩኝ።

አሁን ወደ ጣዕም። «የገንቦ ውሃ ይጣፍጣል» ይባላል። እናቶች ራሳችሁን ነቀነቃችሁ፣ ትስማማላችሁ ማለት ነው። ይህን መፈተን ከሙቀቱ ይልቅ ይከብዳል፣ ለዚህም ነው የምወደው። ቀማሹ የገንቦውን ውሃ ካየው ወይም እንደሚቀዘቅዝ ካወቀ አስቀድሞ ይጣፍጠዋል። ስለዚህ ኩባያዎቹ አንድ ዓይነት ይሁኑ፣ ከሥራቸው ሀ እና ለ ተብሎ ይጻፍ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ሌላ ክፍል ያለ ልጅ ብቻ ይሁን። የሚያቀርበውም ልጅ አይወቅ። ካወቀ ፊቱ ይናገራል፣ ፈገግ ሲል ቀማሹ ይገባዋል። በዚህ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለተጠማ ሰው ሁልጊዜ ይጣፍጣል፣ ስለዚህ ሁለቱም ውሃ እኩል ሙቀት ላይ እስኪደርሱ እንጠብቃለን። አለዚያ የቀመስነው ቅዝቃዜውን ይሆናል እንጂ ሸክላውን አይደለም። ገንቦው በወይራ ጭስ ታጥኖ ከሆነስ? እሱም ሌላ ጥያቄ ነው፣ ለብቻው ይፈተናል። አንድ ቀላል የሚመስል ነገር ውስጥ ስንት ነገር እንደተደበቀ አያችሁ?

የእኛ አገር ሰው ልጨምርላችሁ። ዶክተር አክሊሉ ለማ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ያጠኑ ነበር። ቢልሃርዚያ በወንዝና በኩሬ ውሃ የሚይዝ በሽታ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ትል ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት ውሃ ውስጥ ባሉ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው የሚያድገው። ዶክተር አክሊሉ ወንዝ ዳር ሲሄዱ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ሌላ ቦታ ያሉት ደህና ናቸው። ስንቱ ሰው በዚያ ወንዝ አልፏል! እሳቸው ግን ቆሙና ጠየቁ። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በዕቃ አድርገው አንዷን ሴት የእንዶድ አረፋ እንድትጨምርበት ለመኗት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

እዚህ ላይ አቁሙልኝና እናንተ ቀጥሉ። አሳማኝ ነው? ምን ይጎድለዋል? «ያለ እንዶድ ያለ ውሃም ይቀመጥ።» ትክክል! ዕቃ ውስጥ ስለታፈኑ ሞተው ቢሆንስ? ስለዚህ እንዶድ የሌለበት ዕቃ ያስፈልጋል፣ ማነጻጸሪያ የምንለው ይህን ነው። ከዚያ ደግሞ ስንት እንዶድ በስንት ውሃ? ትንሽ ይበቃል? ሌሎቹን እንስሳትስ ይጎዳል? እነዚህን ሁሉ መመለስ የአንድ ቀን የወንዝ ዳር ሥራ አይደለም፣ ዶክተር አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ረጅም ዓመት ደክመውበታል። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በዚህ ሥራ ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እንዶዱን ግን ልብስ አጣቢዎቹ ሴቶች ከእሳቸው በፊት ያውቁት ነበር። የአያት እውቀትን አልንቅም ያልኳችሁ ለዚህ ነው፤ ጥያቄው ብዙ ጊዜ ከእዚያ ነው የሚነሳው።

ይህ ልጅ ከቅድም ጀምሮ እጁን አውጥቷል። «ሐረር ያሉት ጅቦች ስማቸውን ያውቃሉ?» አለኝ። እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! ማታ ማታ ከጀጎል ግንብ ውጭ ጅብ የሚያበሉት ሰዎች በስም እየጠሩ ሥጋ ሲሰጡ ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ጅቡ ይመጣል። ግን የመጣው ስሙን ሰምቶ ነው? የሥጋው ሽታ ጠርቶት ነው? ሰዓቱን ለምዶ ነው? ወይስ የሰውየውን ድምፅ ለይቶ፣ ምንም ቢል የሚመጣ ነው? በሐሳባችን ብቻ እንሥራው። ያው ሰው፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ድምፅ፣ አንድ ማታ የጅቡን ስም ይጥራ፣ ሌላ ማታ ማንም ያልተጠራበትን ስም ይጥራ፣ የትኛው ማታ የትኛው ስም እንደሚሆን በዕጣ ይውጣ። ሥጋው ሁለቱንም ማታ ይኑር ወይም ሁለቱንም ማታ አይኑር። ሌላ ሰው ደግሞ ርቆ ተቀምጦ፣ የተጠራውን ሳይሰማ፣ የትኛው ጅብ መጀመሪያ እንደተነሳ ይጻፍ። በሐሳብ ብቻ ነው ያልኩት ልጆች! ጅብ አጠገብ የሚሄድ የለም። ሙከራው ሰው ወይም እንስሳ የሚጎዳ ከሆነ አይሠራም፣ ይህ ከሁሉም በፊት የሚመጣ ነው።

የማይሞከሩ ጥያቄዎችም አሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው እንደሞተ ወላጆቻችሁ ያውቃሉ፣ እናንተ አልተወለዳችሁም ነበር። ጎርፍ ለምን እንዲያ ድንገት እንደሚመጣ ለማወቅ ሌላ ደቻቱ ሠርተን ጎርፍ አንለቅበትም። እዚህ የምናደርገው በትዕግሥት መመልከትና መለካት ነው። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከላይ ደጋው ላይ ይዘንባል፣ ውሃው ተሰብስቦ በደረቁ አሸዋ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ላይ ምን ያህል ዘነበ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ ታች ወንዙ ምን ያህል ከፍ አለ፣ ይህን በየዝናቡ ለብዙ ዓመት መመዝገብ ነው። አንድም ነገር በእጃችን አልለወጥንም፣ ግን ይህም ሳይንስ ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ ጠርሙስና ማስመሪያ ያለው ልጅ የትምህርት ቤቱን ዝናብ ከዛሬ ጀምሮ መለካት ይችላል።

የመጨረሻው የዚህች ልጅ ጥያቄ ነው። «መጽሐፉ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። እኛ ስንለካ 96 ላይ ፈላ። ተሳስተናል?»

መጀመሪያ፣ 100 ብለሽ ስላልጻፍሽ በጣም አመሰግንሻለሁ። ብዙ ሰው ይጽፍ ነበር። ሁለተኛ፣ አልተሳሳታችሁም፣ መጽሐፉም አልተሳሳተም። 100 የሚሆነው በባሕር ወለል ከፍታ ላይ፣ ለምሳሌ ጅቡቲ ወደብ ላይ ነው። ከላያችን ያለው አየር ይከብዳል፣ ውሃውን ይጫነዋል፣ ሽቅብ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ጫናው ይቀንሳል፣ ውሃውም ባነሰ ዲግሪ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል ብላችሁ ያዙ። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ አካፍሉት። ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ይጠጋል። ስለዚህ እዚያ ስንት ላይ ይፈላል?

ቁጥሩን አልናገርም። ሐረር ዘመድ ያለው እጁን ያውጣ። ይኸው፣ ክፍሉ በሙሉ! ከመምህሮቻችሁ ጋር ተነጋግረናል፣ በደንገጎ በኩል አንድ ጉዞ እናዘጋጃለን። የሚሄደው ድስት ያው ድስት ነው፣ ቴርሞሜትሩም ያው ነው፣ ውሃውንም ከዚሁ ቧንቧ በጠርሙስ ይዘን ነው የምንወጣው። ጠዋት እዚህ ሦስት ጊዜ እንለካለን፣ ከሰዓት እዚያ ሦስት ጊዜ። እሳቱ ጋ የሚቆመው መምህር ብቻ ነው። የቴርሞሜትሩ ጫፍ የድስቱን ሥር እንዳይነካ በክር አንጠልጥለን እንይዘዋለን፣ ሥሩ ከውሃው ይበልጥ ስለሚሞቅ። ቁጥሩን የምታነበው ልጅ ድሬ ላይ ስንት እንደተገኘ ያላየች ትሁን፣ ይህን ከእናንተ መካከል አሁን በዕጣ እናወጣለን። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ሁላችሁም የሐረሩን ግምታችሁን በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ስማችሁንም ጨምሩበት፣ በር ላይ ላለው መምህር ስጡ። እሱ በፖስታ አሽጎ ያስቀምጠዋል፣ የሚከፈተው ሐረር ላይ ለክተን ስንጨርስ ነው።